የባሕር ቃርሚያ፤ ሞገድ የጣለው ዕቃ ምን ይመሰክራል?

ቃርሚያ የሚለውን ቃል የማያውቅ የባላገር ልጅ የለም። አዝመራው ታጭዶ፣ ነዶው ተጭኖ ወደ አውድማ ከሄደ በኋላ በማሳው ላይ የቀረውን ዘለላ ጐንበስ ብሎ አንድ በአንድ መልቀም ነው። እንግዲህ ቃራሚ ማለት ሌላው ትቶት ያለፈውን የሚያነሣ ሰው ነው። በባሕር ዳር እየተመላለሱ ሞገድ የጣለውን ዕቃ የሚለቅሙትን ሰዎች በአማርኛ ምን ልበላቸው እያልሁ ብዙ ካሰብሁ በኋላ ከዚህ የተሻለ ቃል ስላላገኘሁ የባሕር ቃራሚዎች ብያቸዋለሁ። የቋንቋ ክፍል ጓደኞቼ የተሻለ ካላቸው እቀበላለሁ።

እኔ ራሴ ባሕርን በካርታና በሲኒማ ካልሆነ በቀር አይቼው አላውቅም። ከዚህም በላይ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ውቅያኖስ ጅረት መጻፉ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ሳያስቃቸው አይቀርም። ዳሩ ግን ነገሩን ባነበብሁት መጠን የማስረጃ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት፤ ማስረጃ ደግሞ ለታሪክ ተማሪም እንጀራው ነው። ባለቤቱና ዘመኑ ያልተጻፈበት ብራና በእጁ የገባ ሰውና ባዶ ጠርሙስ ከአሸዋ ላይ ያነሣ ሰው የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ ከየት መጣህ? መቼ ተነሣህ? በየትስ በኩል አለፍህ? ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንባቢ እንዳይሳሳት ያህል፣ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስታውሳለሁ።

በሜይ 27 ቀን 1990 ሐንሳ ካሪየር የምትባል የጭነት መርከብ ከኮሪያ ተነሥታ ወደ አሜሪካ ስትጓዝ በሰሜን ፓሲፊክ መካከል ብርቱ ማዕበል አገኛትና ከላይዋ 21 ኮንቴይነሮች ወደ ባሕር ወደቁ። ከነዚህም አምስቱ የናይክን የስፖርት ጫማ የያዙ ነበሩ፤ ጫማው በነጠላ ሲቈጠር 61,000 ያህል ነው። በነጋዴ ዐይን ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ነገር ግን ጫማ ይንሳፈፋል። በዚያው ዓመት መጨረሻና በ1991 መጀመሪያ ላይ በካናዳ በቫንኩቨር ደሴት፣ በአሜሪካም በዋሽንግተንና በኦሬገን ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች ወደ ባሕሩ ሲወርዱ አሸዋው ላይ አዲስ ጫማ ተበትኖ አገኙ። ወራት ሙሉ በጨው ውሃ ሲንገላታ የከረመ ሆኖ ሳለ ታጥቦ ሲደርቅ የሚደረግ ነበር።

ችግሩ አንድ ብቻ ነው። ጫማዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው አልታሰሩም ነበርና ቀኙ እዚህ ሲወጣ ግራው ከብዙ ኪሎ ሜትር ወዲያ በሌላ ሰው እጅ ይገባል። ስለዚህ ሰዎቹ ተጠራርተው የመለዋወጫ ገበያ አቆሙ፤ ቀኝ ያለው ግራ ካለው ጋር እየተገናኘ ጫማውን አጣመረ። በዶርሚቶሪያችን አንድ እግር ጫማ ጠፍቶበት ክፍል ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው በአልጋ ሥር የተንፏቀቀ ሰው የነዚህን ሰዎች ደስታ ሳያስረዱት ያውቀዋል።

በሲያትል ከተማ የሚኖሩ ዶክተር ከርቲስ ኤብስማየር የተባሉ የውቅያኖስ ሊቅ ወሬውን የሰሙት ከሌላ ሊቅ አይደለም፤ ከእናታቸው ነው። እናትየው በጋዜጣ ያነበቡትን ይዘው ልጃቸውን ጠየቋቸው፤ ልጅየውም የጥያቄውን ክብደት ወዲያው ተረዱት። ከዚያ በፊት የጅረትን መንገድ ለማወቅ የሚሹ ተመራማሪዎች ሆን ብለው ጠርሙስ ወደ ባሕር ይጥሉ ነበር፤ በአንድ ጊዜ 500 ወይም 1,000 ከጣሉ ብዙ ነው። እነሆ ማዕበሉ በአንድ ጊዜና በአንድ ሥፍራ ብዙ ዐሥር ሺህ ተንሳፋፊ ምልክት በነጻ ጣለላቸው። አንደኛው ኮንቴይነር ሳይከፈት ሰምጧል ተብሎ ቢቀነስ እንኳ የቀረው ብዙ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የወደቀበት ቀንና ሥፍራ ይታወቃል። በየጫማው ውስጥም የትእዛዝ ቍጥር ታትሞበት ስለ ነበረ ጫማው ከዚያው ጭነት መሆኑን ማረጋገጥ ይቻል ነበር።

የመነሻው ነገር እንዲህ ከተገኘ የመድረሻውን ማን ይንገራቸው? ቃራሚዎቹ ናቸው። ከነርሱ መካከል ስንት ጫማ፣ የት፣ በምን ቀን እንዳገኙ በማስታወሻ የያዙ ነበሩ፤ ዶክተሩም ይህን ማስታወሻ ከዳርቻ ዳርቻ እየጠየቁ ከሺህ በላይ የሚሆን ጫማ ቈጠሩ። ጄምስ ኢንግራሃም የሚባሉ ባልደረባቸው ደግሞ የነፋስንና የአየር ግፊትን መዝገብ ይዞ በባሕር ፊት ያለውን ጅረት የሚያሰላ የኮምፒዩተር ስሌት አዘጋጅተው ነበር። ስሌቱ ከአደጋው ሥፍራ ተነሥቶ የሄደበት መንገድና የቃራሚዎቹ ማስታወሻ ተስማሙ፤ ውጤቱም በ1992 ታተመ። ይኸው ስሌት ጫማው በሌላ ዓመት ወድቆ ቢሆን ኖሮ ሌላ ዳርቻ ይደርስ እንደ ነበረም አሳየ፤ ባሕር በየዓመቱ አንድ መንገድ አይሄድምና። በኋላም ከጫማዎቹ ጥቂቶቹ ወደ ደቡብ ዞረው ሀዋይ ደረሱ።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ጫማውን አንሥቶ ያደረገ ሰው ጫማ አገኘ፤ ጫማውን አንሥቶ ቀኑንና ቦታውን የጻፈ ሰው ግን ለዕውቀት አንድ ነጥብ ጨመረ። ሁለቱም ያነሡት አንድ ዓይነት ዕቃ ነው። ልዩነቱ እርሳስና ወረቀት ነው።

አሁን ዕቃው በምን ኃይል እንደሚጓዝ በአጭሩ ልናገር። ነፋስ የባሕሩን ፊት ይገፋል። ምድር በራስዋ ዛቢያ ስለምትሽከረከር በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የሚሄደው ውሃ ወደ ቀኝ፣ በደቡቡ የሚሄደው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ አህጉሮችም መንገድ ይዘጉበታል። በነዚህ ሦስት ምክንያቶች ውሃው ዞሮ ዞሮ ክብ መንገድ ይሠራል። እንዲህ ያሉ ታላላቅ አዙሪቶች አምስት ናቸው፤ በሰሜንና በደቡብ ፓሲፊክ፣ በሰሜንና በደቡብ አትላንቲክ፣ አምስተኛው በሕንድ ውቅያኖስ። የሰሜኖቹ እንደ ሰዓት ዘንግ ይዞራሉ፤ የደቡቦቹ በተቃራኒው።

ነገር ግን በአንድ ሥፍራ የወደቁ ሁለት ዕቃዎች አብረው ይሄዳሉ ማለት አይደለም። ከውሃው በላይ ብዙ ብቅ ያለውን ነፋሱ እንደ ሸራ ይይዘዋል፤ እስከ አፉ ጠልቆ የሚንሳፈፈው ግን ለጅረቱ ብቻ ይታዘዛል። የቅርጽም ነገር አለ። በሆላንድ በቴክሰል ደሴት የወጡት ጫማዎች ሲቈጠሩ የግራ እግር በዝቶ፣ በስኮትላንድ በሼትላንድ ደሴቶች ሲቈጠሩ የቀኝ እግር በዝቶ ተገኝቷል። የቀኙና የግራው ጠርዝ ወደየራሱ ጐን ስለሚታጠፍ ነፋስ ያንን ወደ አንድ ወገን፣ ይህን ወደ ሌላ ወገን ይነዳዋል ይላሉ። ይህን ያነበብሁ ዕለት ለክፍል ጓደኛዬ ብነግረው ቀልድ መስሎት እስኪያነብ ድረስ አላመነኝም።

ከጫማው ይልቅ በዓለም ዝና ያተረፉት መጫወቻዎቹ ናቸው። በጃንዋሪ 10 ቀን 1992 ኤቨር ሎረል የምትባል መርከብ ከሆንግ ኮንግ ወደ ታኮማ ስትሄድ እንዲሁ በማዕበል 12 ኮንቴይነሮች ጣለች። በአንደኛው ውስጥ ሕፃናት በገላ መታጠቢያ ገንዳ የሚጫወቱባቸው 28,800 የፕላስቲክ እንስሳት ነበሩ፤ ቢጫ ዳክዬ፣ ቀይ ቢቨር፣ ሰማያዊ ኤሊና አረንጓዴ እንቍራሪት። ካርቶናቸው በውሃ ርሶ ሲፈታ ሁሉም ነጻ ወጡ። ዐሥር ወር ያህል ቆይተው በኖቬምበር 1992 በአላስካ በሲትካ አጠገብ፣ ከወደቁበት 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ተገኙ። ፀሐይና ጨው ዳክዬውንና ቢቨሩን አነጣቸው፤ ኤሊውና እንቍራሪቱ ቀለማቸውን ጠበቁ። የቀሩት በሰሜን ፓሲፊክ ጫፍ ባለው አዙሪት፣ አንዱን ዙር በሦስት ዓመት ያህል እየፈጸሙ ሲዞሩ ኖሩ።

ስለ ዳክዬዎቹ በጋዜጣ የተጻፈውን ሁሉ ግን እኔ አልቀበልም። ሊቃውንቱ ጥቂቶቹ በቤሪንግ ወሽመጥ አልፈው፣ ከበረዶ ጋር ተጣብቀው ወደ አትላንቲክ ሊሻገሩ ይችላሉ ብለው ተነበዩ። የመጫወቻው ኩባንያም በ2003 በአትላንቲክ በኩል እውነተኛውን ለሚያገኝ ሽልማት አቀረበ። ከዚያ ወዲህ በየዳርቻው ቢጫ ዳክዬ ያየ ሁሉ ያ ነው ማለት ጀመረ። የፕላስቲክ ዳክዬ ግን በዓለም ላይ ስፍር ቍጥር የለውም። የኩባንያው ስም ያልታተመበት ዳክዬ ምስክር ሳይሆን የምስክር መልክ ያለው ዕቃ ነው። በፍርድ ቤት ቢሆን ዳኛ አያስቆመውም።

መነሻው ሳይታወቅ ሲቀር የሰው ልጅ ምን እንደሚያደርግ ከጥንት ማየት ይቻላል። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች ዳርቻ አልፎ አልፎ ጥቍር፣ ጠንካራ፣ በላዩ የመስቀል ምልክት ያለበት የዛፍ ፍሬ የሚመስል ነገር ይወጣል። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ፍሬ የሚያፈራ ተክል የለም። ሕዝቡ የማርያም ፍሬ ብሎ ሰየመው፤ ምጥ የያዛት ሴት በእጅዋ ትጨብጠው ነበር፤ ከእናት ወደ ልጅም ይወረስ ነበር። በምጥ ሰዓት ማርያም ማርያም ሲባል እየሰማ ያደገ የአገራችን ልጅ በዚህ ለመሣቅ አይቸኩልም። በኋላ የዕፀዋት ሊቃውንት ፍሬው በመካከለኛው አሜሪካ ጫካ የሚበቅል የሐረግ ዘር መሆኑን አወቁ። ወንዝ ወደ ባሕር ያወርደዋል፤ ከዚያ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞቃት ጅረት አትላንቲክን አሻግሮ እስከ ኖርዌይ ድረስ ይወስደዋል። ሴቶቹ ከሩቅ የመጣ መሆኑን በትክክል ገምተዋል፤ የጐደላቸው ካርታው ነበር።

ካርታውን ለመሥራት ከተደከመው ድካም ሁሉ እኔን የማረከኝ የጀርመኖቹ ነው። ጌኦርግ ፎን ኖይማየር የተባሉ ሊቅ ከ1864 ጀምረው የመርከብ ካፒቴኖች የታተመ ቅጽ በጠርሙስ እያሸጉ ወደ ባሕር እንዲጥሉ አደረጉ። በቅጹ ላይ ካፒቴኑ የመርከቡን ስም፣ ቀኑን፣ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን ይጽፋል። በጀርባው ያገኘው ሰው የትና መቼ እንዳገኘው ሞልቶ በሐምቡርግ ወዳለው የባሕር ምርምር ቢሮ ወይም በአቅራቢያው ወደሚገኝ የጀርመን ቆንስል እንዲልክ ይለምናል። ሥራው እስከ 1933 ሲቀጥል በብዙ ሺህ ከተጣሉት መካከል ተሞልተው የተመለሱት 662 ናቸው። አብዛኛው ተሰበረ፣ ሰመጠ፣ ወይም ሰው በማይረግጠው ዳርቻ ቀረ።

በጃንዋሪ 2018 በምዕራብ አውስትራሊያ በዌጅ ደሴት አጠገብ በአሸዋው ላይ ስትሄድ የነበረች አንዲት ሴት ለመደርደሪያ ጌጥ ይሆነኛል ብላ አንድ አሮጌ ጠርሙስ አነሣች። በውስጡ የረጠበ ጥቅል ወረቀት ነበር። ሲደርቅና ሲፈታ ፓውላ የተባለች መርከብ፣ ጁን 12 ቀን 1886፣ ከካርዲፍ ወደ ማካሳር የሚል ጽሑፍ ታየ። የቤተ መዘክር ሠራተኞች ይህ የአንድ ቀልደኛ ሥራ እንዳይሆን ፈርተው ወደ ጀርመን ጻፉ። የፓውላ የአየር ጠባይ መዝገብ ሳይጠፋ ተገኘ። በዚያው ቀን፣ በካፒቴኑ እጅ፣ አንድ ጠርሙስ ወደ ባሕር ተጣለ የሚል ተጽፎበታል፤ ቀኑም ሥፍራውም ከወረቀቱ ጋር ገጠመ። 131 ዓመት! ጠርሙሱ ይህን ሁሉ ዘመን አልተንሳፈፈም፤ በጥቂት ጊዜ ዳርቻ ደርሶ በአሸዋ ተቀብሮ ኖረ እንጂ። እኔን የገረመኝ ጠርሙሱ መቆየቱ አይደለም፤ መዝገቡ መቆየቱ ነው። መዝገቡ ጠፍቶ ቢሆን ጠርሙሱ ጥርጣሬ ውስጥ ይቀር ነበር።

እስካሁን የተናገርሁት ለጊዜ ማሳለፊያ የሚሆን ወግ መስሎ ከታየ የሚከተለውን በጥሞና አንብቡልኝ። በማርች 8 ቀን 2014 የማሌዥያ አየር መንገድ በረራ ኤም ኤች 370፣ 239 ሰዎችን ይዞ ከኳላ ላምፑር ወደ ቤጂንግ ሲሄድ ከራዳር ተሰወረ። ከሳተላይት ጋር ሲለዋወጠው ከነበረው አጭር ምልክት ተነሥተው ባለሙያዎች ባደረጉት ስሌት፣ አውሮፕላኑ ለብዙ ሰዓት ወደ ደቡብ ከበረረ በኋላ ከአውስትራሊያ በስተ ምዕራብ በሕንድ ውቅያኖስ ወደቀ የሚል ሐሳብ ላይ ደረሱ። ብዙ መርከብና አውሮፕላን ፈለገ፤ አንዲት ስባሪ ስንኳ አልተገኘችም። በእኛ አነጋገር ዘመዶቻቸው መርዶ ያልተነገራቸው ሐዘንተኞች ሆኑ። መርዶ ለመስማት የሚከብድ ነገር ነው፤ ያልተነገረ መርዶ ግን ይበልጥ ይከብዳል። ሰው እንዳያለቅስ ተስፋ ይይዘዋል፤ እንዳይስቅ ጥርጣሬ ይይዘዋል። ስሌት ደግሞ ሬሳ አይደለም፤ የኮምፒዩተር ወረቀት ይዞ ልቅሶ የሚቀመጥ የለም።

አንድ ዓመት ከአራት ወር አለፈ። በጁላይ 29 ቀን 2015 ከማዳጋስካር በስተ ምሥራቅ ባለው በሪዩኒየን ደሴት፣ በሴንት አንድሬ ዳርቻ የሚያጸዱ ሠራተኞች ሁለት ሜትር ያህል የሚሆን ስባሪ ከድንጋዩ መካከል አገኙ። በዳርና በዳሩ ባርናክል የሚባል፣ በተንሳፋፊ ነገር ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ቅርፊታም የባሕር ፍጥረት በቅሎበታል። ዕቃው ፍላፐሮን የሚባለው በክንፉ ኋላ የሚገኝ ተንቀሳቃሽ ክፍል ነበር። የፈረንሳይ መርማሪዎች በውስጡ ያለውን ቍጥር ከአምራቹ መዝገብ ጋር አስተያይተው በሴፕቴምበር የዚያው አውሮፕላን መሆኑን አረጋገጡ። አስተውሉ፤ እንደ ጫማው ሁሉ እዚህም ቍጥሩ ነው የተናገረው። መርዶውን ያመጡት የመንግሥት መርከቦች ሳይሆኑ ዳርቻ የሚጠርጉ ሰዎች ሆኑ።

ከዚያ ወዲያ ቃርሚያው በረታ። በፌብሩዋሪ 2016 ብሌን ጊብሰን የተባሉ አሜሪካዊ የሕግ ባለሙያ በገዛ ገንዘባቸው ከዳርቻ ዳርቻ ሲዞሩ ቆይተው በሞዛምቢክ በአንድ የአሸዋ ደለል ላይ አትርገጥ የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበት ባለ ሦስት ማዕዘን ስባሪ አገኙ። ይህ በተሰማ ጊዜ አንድ የደቡብ አፍሪካ ወጣት ከጥቂት ወራት በፊት በሞዛምቢክ ዕረፍት ላይ ሳለ ያነሣውንና ከቤት ያስቀመጠውን ስባሪ ትዝ ብሎት አስረከበ። በደቡብ አፍሪካ በሞሰል ቤይ የተገኘው ሌላ ቍራጭ ደግሞ አንድ ሰው በዲሴምበር ፎቶግራፍ ባነሣው ጊዜ ባርናክል ነበረበት፤ በማርች ሌላ ሰው ሲያነሣው ረግፎ ነበር። ያ ፎቶግራፍ ባይኖር ኖሮ የምስክርነቱ ግማሽ በሦስት ወር ውስጥ በጠፋ ነበር። በታንዛንያ በፔምባ ደሴት፣ በሞሪሸስ፣ በሮድሪገስና በማዳጋስካርም ተገኘ። በካርታ ላይ ስትመለከቱት ሁሉም በምዕራብ በኩል ነው፤ የሕንድ ውቅያኖስ ደቡባዊ አዙሪት በሰሜን ጐኑ ወደ ምዕራብ የሚፈስሰውን ጅረት ማዳጋስካር ላይ ያመጣዋል፤ እዚያ ለሁለት ተከፍሎ ገሚሱ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ይወጣል።

የአውስትራሊያ የሳይንስ ምርምር ድርጅት ሊቃውንት በግምት ብቻ አልረኩም። እውነተኛ የቦይንግ 777 ፍላፐሮን አግኝተው፣ እንደ ተገኘው ስባሪ አድርገው ቈርጠው፣ በታስማንያ አጠገብ ባሕር ላይ ለቀቁት። በስሌት ከተገመተው ይልቅ ፈጥኖ፣ ከነፋሱም አቅጣጫ ወደ ግራ 20 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ሲሄድ ታየ። በዚህ መሠረት በኤፕሪል 2017 አውሮፕላኑ የወደቀው አስቀድሞ ከተፈለገው 120,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በስተ ሰሜን ሳይሆን አይቀርም አሉ። ካቀረቡት ምክንያት አንዱ በአውስትራሊያ ዳርቻ ምንም ስባሪ አለመገኘቱ ነው። የታሪክ ተማሪዎች ይህን ወደዱት እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ዝምታም ማስረጃ ይሆናል። ግን ዝምታ ማስረጃ የሚሆነው ዳርቻው ላይ የሚመላለስ ዐይን ያለው ሰው ሲኖር ብቻ ነው። ሰው ባልረገጠው ዳርቻ አለመገኘት ምንም አይናገርም።

ያም ሆነ ይህ ከባሕር ቃርሚያ ሊሰጥ ከሚችለው በላይ መጠየቅ ስሕተት ነው። ሞገድ ያደባልቃል። ከመድረሻው ወደ ኋላ እየተሰላ በተሄደ ቍጥር መነሻው እየሰፋ ይሄዳል፤ የሚገኘው አውራጃ ነው እንጂ ደጃፍ አይደለም። በ2018 አንድ የግል ኩባንያ ከ112,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የባሕር ወለል ፈልጎ ሳያገኝ ተመለሰ። ስባሪዎቹ ለሐዘንተኞቹ የሰጧቸው የመውደቁን እርግጠኝነት ነው፤ መቃብሩን አላሳዩዋቸውም።

የተገኘ ዕቃስ የማን ነው? ይህን ጥያቄ የሕግ ተማሪዎች ቢያብራሩት እወዳለሁ፤ እኔ አንድ ታሪክ ብቻ እነግራለሁ። በማርች 11 ቀን 2011 በጃፓን በደረሰው የምድር መናወጥና የባሕር ጐርፍ አምስት ሚሊዮን ቶን ያህል ፍርስራሽ ወደ ባሕር እንደ ተጠረገ የጃፓን መንግሥት ገምቷል። በሚቀጥለው ዓመት በኤፕሪል አንድ ካናዳዊ በግራሃም ደሴት ዳርቻ የዛገ ሞተር ብስክሌት በሣጥን ውስጥ አገኘ። የጃፓን ታርጋ ስለ ነበረው ባለቤቱ ተገኘ፤ በጐርፉ ከቤተሰቡ ሦስት ሰዎች አጥቶ በጊዜያዊ መጠለያ የሚኖር ሰው ነበር። ፋብሪካው አድሶ እመልስልሃለሁ ቢለው አልተቀበለም። እንደ ዛገ፣ ለሞቱት መታሰቢያ ሆኖ ይቀመጥ አለ። በሚልዎኪ በፋብሪካው ቤተ መዘክር እንዲሁ ተቀመጠ።

በመጨረሻ ወደ እኛ ዳርቻ ልቅረብ። በኬንያ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በሶማሊያ ወሰን አጠገብ ኪዩንጋ የሚባል የባሕር ጥብቅ ሥፍራ አለ። ሞገድ እዚያ ከሚጥለው ዕቃ አንዱ ነጠላ ጫማ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ልጆች ይህን ጫማ እየቈረጡ መጫወቻ ሲሠሩበት የተመለከቱ ሰዎች ነገሩን ወደ ሥራ ለወጡት። ኦሽን ሶል የሚባለው ድርጅት ከዚህ ተነሥቶ ከነጠላ ጫማ ቀጭኔና ዝሆን እያስቀረጸ መሸጥ ያዘ። ከዚያ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በሲሼልስ፣ ከ100,000 በላይ ታላላቅ ኤሊዎች በሚኖሩባት በአልዳብራ፣ በ2019 ዐሥራ ሁለት ሰዎች አምስት ሳምንት ለቅመው 25 ቶን አወጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት የታተመ ጥናት የቀረው 500 ቶን እንደሚያልፍ ገመተ። ይህ ዓይነቱ ዕቃ እንደ ናይክ ጫማ መነሻውን አይናገርም። ቀን የለውም፤ መርከብ የለውም፤ የጣለው ሰው መጣሉን ስንኳ አያስታውስም።

እኛ ወደብ የለንም፤ ስለዚህ አያገባንም የሚል ካለ ካርታውን እንደገና ይመልከት። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ የወሰደውን ሁሉ ይዞ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ኦሞም ቱርካና ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። ዋቢ ሸበሌ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕሩ ሳይደርስ በሶማሊያ ረግረግ ውስጥ ይጠፋል። ገናሌ ግን ዶሎ አዶ ላይ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ፣ ጁባ ተብሎ፣ በኪስማዮ አጠገብ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። የሶማሊያ ዳርቻ ጅረት በዓመት ሁለት ጊዜ ከሞንሱን ነፋስ ጋር የሚገለባበጥ ነው፤ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲሄድ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ኬንያ ይወርዳል። ኪዩንጋ ከኪስማዮ በስተ ደቡብ ናት። በዶሎ ገበያ ተገዝቶ፣ ማሠሪያው ተበጥሶ፣ በወንዙ ዳር የተጣለ ነጠላ ጫማ ጐርፍ ቢያነሣው በሦስት ወሩ ነፋስ ጊዜ ወደ ኪዩንጋ የሚወስድ መንገድ አለው። ደርሶ እንደ ሆነ ግን የዶሎን ስም በላዩ የጻፈ የለም።